ጥፋቱ የጥርሱ አልነበረም

ባለፈው የወር ስብሰባችን የቁጠባው ሒሳብ ተነብቦ ቡናው ሲቀዳ፣ ከወጣት አባሎቻችን አንዷ የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ልጅቷ የወተት ጥርሷን ጥላ የፊት ጥርሶቿን ማብቀል ጀምራለች። እናትየው የልጇን አገጭ በጣቷ ቀና አድርጋ «እስቲ ይዩልኝ፣ እማማ» አለችኝ። ሁለቱ የላይ ጥርሶች ገና ከድድ ወጥተው ሳያበቁ ቡናማ ሆነዋል። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ጠዋት ለሥራ ስሮጥ ሳላስቦርሻት እወጣለሁ። አሁን ሰው ሲያያት የማፍረው እኔ ነኝ» ብላ አንገቷን ደፋች።

ይህንኑ ቃል ከ50 ዓመት በፊት ከእናቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። በዚህ እትም ጽሑፍ የማቅረቡ ተራ የእኔ ስለሆነ ስለ ጥርስ ልጽፍ ወሰንኩ። ጥርስ እንዴት እንደሚቦረሽ የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በሥዕል ስላለ እሱን አልደግመውም። የምጽፈው ጥርስ፣ ከጥርስም ጋር እናት፣ ባልሠሩት ጥፋት ስለተከሰሱበት ታሪክ ነው። ማኅበራችንን በገንዘብ የሚደግፉ ወዳጆቻችንም ቢያነቡት፣ ስለ ውኃ ደጋግመን የምናመለክተው ጥም ስላስቸገረን ብቻ እንዳልሆነ ይረዱልናል ብዬ አስባለሁ።

የተወለድኩት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እናቴ ግን የደጋ ሰው ናት፤ ለአባቴ ተድራ ነው ቆላ የወረደችው። የእሷ ጥርስ ወተት ይመስል ነበር። ከወለደችን ስድስት ልጆች ግን አንዳችንም የእሷን ጥርስ አልወረስንም። የሁላችንም የፊት ጥርስ ቢጫ ወይም ቡናማ፣ የአንዳንዳችን ደግሞ ጎድጎድ ያለና ጠርዙ የተሸራረፈ ነበር። ዘመዶቿ ከደጋ ለጥየቃ ሲመጡ አይተው ዝም አይሉም፤ «የአንቺ ጥርስ እንዲህ ሆኖ ልጆችሽን ምነው እንዲህ ጣልሻቸው?» ይሏታል። እሷም እነሱ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር።

ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ከሰል ወቅጣ ከጨው ጋር ቀላቅላ አሸችን፤ አመድ ሞከረች፤ ሎሚ ቆርጣ ፈተገችን። ድዳችን ይደማል፣ ቀለሙ ግን ንቅንቅ አይልም። እጇ ሲዝል ትናደድና «ተደብቃችሁ የማትፍቁት እናንተ ናችሁ» ብላ ትገርፈን ነበር። ትምህርት ቤት ደግሞ ሰኞ ሰኞ ጥፍር፣ ፀጉርና ጥርስ ይታያል። አንድ መምህር እኔንና ሌሎች አምስት ልጆችን ከሰልፍ አውጥቶ «ውኃ የማያውቃቸው!» ሲለን፣ ሰልፉ ውስጥ ቆመው የሳቁብን ልጆች ጥርስ ከእኛው ብዙም የተለየ አልነበረም። መምህሩ በቅርቡ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። ውኃማ በሚገባ ያውቀን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስስቅ እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ፤ በሠርጌ ፎቶም ከንፈሬን ገጥሜ ነው የቆምኩት። በአገራችን የሴት ውበት ሲነሳ ጥርስ ከፊት ይሰለፋል። ንጣቱ ይወደሳል፣ ፍንጭቱ ይወደሳል፤ እናቶቻችን ነጩ ይበልጥ ጎልቶ እንዲታይ ብለው ድዳቸውን በመርፌ ይነቀሱ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ቡናማ ጥርስ ይዞ ማደግ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እናቴ ጥርስ መጠበቅ አታውቅም ነበር የሚል ቢኖር ግን አልቀበለውም። ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ቤታችን ከመግባቱ ከስንት ዘመን በፊት መፋቂያ ነበር። እንደየአገሩ ከወይራ፣ ከክትክታ፣ ከቀረት፣ ከልምጭ ተቆርጦ፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲበታተን ጥርስ ይፋቅበታል። ሙስሊም ወገኖቻችን ምስዋክ የሚሉት ከሶላትም ጋር የተያያዘ ነው። ገበያ ላይ በእስር እየተሸጠ የስንት ሴት ጉርስ ሆኗል! እ.ኤ.አ. በ1978 ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ ያካሄደውን ጥናት ሲያሳትም፣ መፋቂያ በአግባቡ ከተያዘ ቆሻሻን በማንሣት ከብሩሽ እንደማያንስ ጽፏል። ጉድለት የለውም አልልም፤ የመንጋጋን የውስጥ ጎን በእንጨት መድረስ ያስቸግራል። ነገር ግን እናቴ ዕድሜ ልኳን የፋቀችው በዚሁ ነው፤ ጥርሶቿንም ይዛ ነው የተቀበረችው። ታዲያ በአንድ ቤት፣ በአንድ መፋቂያ፣ የእሷ ነጭ የእኛ ቡናማ የሆነው ለምንድን ነው?

የዚህ እንቆቅልሽ መልስ መጀመሪያ የተገኘው ከአገራችን ርቆ ስለሆነ ለጥቂት ጊዜ ወደዚያ ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ። እዚያ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። የከተማው ሰው የየራሱ ግምት ነበረው፤ አንዱ የአሳማ ሥጋ ሲበዛ ነው ይላል፣ ሌላው ወተቱ መጥፎ ስለሆነ ነው ይላል። ማኬይ ዓመታት ፈጅቶ ሁለት ነገር አስተዋለ። ጥርሳቸውን ሌላ ቦታ አብቅለው የመጡ ሰዎች ቢቆዩም አይቀየሩም። ቡናማው ጥርስ ደግሞ፣ ይገርማል፣ እንደ ሌላው ቶሎ አይቦረቦርም።

እ.ኤ.አ. በ1923 ኦክሌይ ከምትባል የአይዳሆ ግዛት ከተማ ወላጆች ጠሩት። የልጆቻቸው ጥርስ መቀየር የጀመረው ከተማዋ ከሞቃት ምንጭ በቧንቧ ውኃ ካስገባች ወዲህ መሆኑን ራሳቸው አስተውለው ነበር። ማኬይ ውኃውን መርምሮ ምንም የተለየ ነገር አላገኘም፤ ቢሆንም ቧንቧውን ትተው ሌላ ምንጭ እንዲጠቀሙ መከራቸው። ሰሙት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትንንሾቹ ጥርስ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሐኪሙ ስሙን እንኳ ያላወቀውን ነገር ወላጆቹ ልጆቻቸውን እያዩ ደርሰውበት ነበር ማለት ነው። እናቴን ያሰብኩት እዚህ ላይ ነው። እሷም አይታ ነበር፤ «ደጋ ብወልዳችሁ ኖሮ» ትል ነበር። ግን የሚሰማት ሰው አልነበረም።

ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ባውክሳይት የአሉሚኒየም ማዕድን የሚወጣባት የኩባንያ ከተማ ናት፤ ሠራተኛው፣ ቤቱ፣ ጉድጓዱ የአንድ ድርጅት። በዚያ ያሉ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ። ኩባንያው ሕዝቡ በአሉሚኒየም ድስት ያመካኝብኛል ብሎ ሰጋና የኬሚስትሪ ባለሙያው ቸርችል ውኃውን እንዲመረምር አደረገ። በአንድ ሊትር ውኃ ከ13 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ትሬንድሊ ዲን የሚባል ተመራማሪ ነገሩን ከሌላው ጎኑ አጠና፤ መጠኑ በሊትር ወደ 1 ሚሊግራም ሲሆን ጥርስን ሳያበላሽ ከመቦርቦር እንደሚጠብቅ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1945 ግራንድ ራፒድስ የምትባል ከተማ ይህንኑ ያህል ሆን ብላ የቧንቧ ውኃዋ ውስጥ ጨመረች፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ገበያ ወጣ። እንግዲህ ዛሬ ሱቅ ሄደን የምንገዛው የጥርስ ሳሙና ታሪኩ ሲመዘዝ የሚደርሰው እንደ እኛ ቡናማ ጥርስ ይዘው ከሚሳቀቁ ልጆች ዘንድ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ፤ ወንጂ እንሂድ። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ ከጃቫ ወጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ሸዋ የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ በ1955 ዓ.ም. ተከተለ። ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ፣ ከብዙ ቦታ ሰው ለሸንኮራ ቆረጣ ፈልሶ መጣ፤ በሰፈሮቹ ትዳር ያዘ፣ ልጅ ወለደ። ሸንኮራው የሚጠጣው የአዋሽን ውኃ ነበር። ሰው ይጠጣ የነበረው ግን የጉድጓድ ውኃ ነው። ከጉድጓዶቹ አንዳንዶቹ በሊትር ከ10 ሚሊግራም የበለጠ ፍሎራይድ ነበራቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን 1.5 ነው።

በልጆች ላይ ጥርስ ቀየረ። ለብዙ ዓመት በጠጡት ሠራተኞች ላይ ግን አጥንት ውስጥ ገባ፤ አንገት አልዞር፣ ወገብ አልታጠፍ አለ፣ አንዳንዱ ጎብጦ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት ይጽፉበት ጀመር። በ1987 የነርቭ ሐኪሙ ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የስምጥ ሸለቆውን ጥናት አሳተሙ፤ ሸለቆው ውስጥ ተወልደው ካደጉና ከተመረመሩ ልጆች ከመቶ ከ80 የሚበልጡት የጥርስ ፍሎሮሲስ ነበረባቸው። የአጥንቱ ሕመም መጀመሪያ የታየው በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ያለበትን ውኃ ከ10 ዓመት በላይ በጠጡ ሠራተኞች ላይ እንደሆነም ጽፈዋል።

ፍሎራይዱን ውኃው ውስጥ ማንም ሰው አልጨመረውም። የስምጥ ሸለቆ አለት የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ውኃ አለቱን እያጠበ ሲዘልቅ ይዞት ይወጣል። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ሲቀመስ አይታወቅም፣ ሲሸተትም አይታወቅም። አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ወንጂ ላይ የመጀመሪያው ስኳር ሲመረት ይህ ዕውቀት 23 ዓመት ሞልቶት ነበር። ዕውቀት ከተጻፈበት አገር ተነሥቶ ጉድጓድ ወደሚቆፈርበት አገር፣ ከዚያም እንስራ ወደምታዝል ሴት እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል? እኔ ጋ የደረሰው ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። አንዲት ነርስ ልጄን ልትከትብ መጥታ ጥርሴን አይታ «የየት አገር ልጅ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት «አውቄዋለሁ፣ ከውኃው ነው» አለችኝና ተቀምጣ አስረዳችኝ።

የነገረችኝ ይህን ነው። የጥርስ ነጭ ጠንካራ ሽፋን የሚሠራው ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት፣ ድድ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ነው። የፊት ቋሚ ጥርሶች ቀለም በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት የሕፃንነት ዓመታት ነው፤ የሌሎቹም ስምንት ዓመት ገደማ ሲሞላ ያበቃል። በዚያ ጊዜ ሕፃኑ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ከጠጣ ሽፋኑ ተበላሽቶ ይሠራል። ሰባት ዓመት ላይ ጥርሱ ሲወጣ የምናየው ያኔ ያለቀ ነገር ነው። ከሰል፣ አመድ፣ ሎሚ፣ ብሩሽም ቢሆን አያነሳውም፤ ከሰል ሽፋኑን ይፍቃል፣ ሎሚ ደግሞ ያሟሟዋል። ትልቅ ሆኖ ወደ ሸለቆው የመጣ ሰው፣ እንደ እናቴ፣ ጥርሱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል።

ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ «ታዲያ ያ ሁሉ ከሰል?» አለችኝ። ምንም አልመለስኩም። «ልጆቼን በከንቱ ነዋ ያደማሁት» አለች። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ሁሉ እየዞረች ስትናገር ከረመች፤ ደጋ ላሉት ዘመዶቿም አስጽፋ ደብዳቤ ላከች።

ወንጂን ገና አልጨረስኩም፤ ከዚያው ምድር ስኳርም ወጥቷልና። ከፋብሪካው በፊት ስኳር ከውጭ የሚመጣ፣ የከተማና የባለጸጋ ነገር ነበር። የገጠሩ ሰው ጣፋጭ ማር ነው፤ ማርም ቢሆን ለጠጅ፣ ለድግስ፣ ለመድኃኒት እንጂ በየቀኑ የሚላስ አይደለም። ቡና በጨው የሚጠጣበት አገር ብዙ ነበር። ከ1946 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስኳር ቀስ እያለ በየሱቁ ገባ። ወንጂ የተሠራው ደስታ ከረሜላ በእኔ ዕድሜ ያለውን ሰው ሁሉ አፍ አጣፍጧል፤ እኔም አባቴ ደመወዝ ሲቀበል እሱን እጠብቅ ነበር፣ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ምራቄ ይመጣል።

ጥርስ ሲቦረቦር ግን ስኳርን የጠረጠረ አልነበረም። ትል ነው ይባላል። የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ተደርጎ ጢሱን በአፍ መታጠን፣ ትሉ ይውደቅ ብሎ። ቅርንፉድ መያዝም ነበር፤ ይኸኛው እንኳ እውነት አለው፣ ቅርንፉድ ውስጥ ሕመም የሚያደነዝዝ ነገር አለ። ካልተቻለ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በጉጠት ማስነቀል ነው። ትል ግን የለም። አፋችን ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ ጥርሱን የሚበላው አሲዱ ነው። ስኳር በተቀመሰ ቁጥር አፉ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ አሲድ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከሚበላው ብዛት ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀመስ ነው ዋናው ጉዳይ። እዚህ ላይ የራሳችንን ቡና አንርሳ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ ያውም በቀን ሁለት ጊዜ፤ ልጆቹም ከጎናችን ሆነው ጣፋጩን ዝቃጭ ይጨልጣሉ። እኔ ካለ ስኳር መጠጣት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሬት ሬት ብሎኝ ነበር። ፍሎራይድ ጥርስን ያጠነክራል ብላችሁም አትዘናጉ። በብዙ ፍሎራይድ የተጎዳና የተሸራረፈ ጥርስ በስኳር ከመበላት አያመልጥም።

እርጉዝ ሴትም በዚሁ ጉዳይ ትታማለች፤ «ልጅ በተወለደ ቁጥር አንድ ጥርስ ይሄዳል» ይባላል። ጽንሱ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ድድ ቶሎ ያብጣል፣ ይደማል፤ ማስታወክ አሲድ ወደ አፍ ያመጣል፤ የሚደማ ድድ እንዳይነካ ተብሎ መፋቅ ሲተው ይብሳል። የሚደማውን ድድ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት እንጂ መተው አያድነውም።

ከሁሉ የከፋው ክስ ግን ገና ባልበቀለ ጥርስ ላይ የቀረበው ነው። ግግ። ሕፃኑ አምስት ስድስት ወር ሲሞላው ያተኩሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ድዱ ክራንቻ በሚወጣበት ቦታ እብጥ ብሎ ይታያል። «ግግ ነው» ይባልና አዋቂ ተብላ የምትጠራ ሴት ወይም ወጌሻ በምላጭ ወይም በሹል ብረት ድዱን ቀዶ ውስጡ ያለውን ለስላሳ ነጭ ነገር ያወጣል። ትል ይመስላል፤ ለእናቲቱም «ይኸው» ተብሎ ይታያታል። ያ ነገር ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይህ ተደርጎበት ሦስት ቀን ደምቶ ነው የተረፈው፤ ካደገ በኋላም የታች ክራንቻው በአንድ ጎን አልወጣም፣ በሌላው ጎን ተጣሞ ወጣ። ያላመለጡም አሉ፤ ባልተቀቀለ ምላጭ መንጋጋ ቆልፍ ይገባል፣ ሌላም በደም የሚተላለፍ በሽታ ይገባል።

ልማዱ ሰው ሲሰደድ አብሮ ተሰዷል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተሰቦችን ልጆች ያከሙ የጥርስ ሐኪሞች የክራንቻ ጥርሶች ጎድለው ቢያገኙ ግራ ገብቷቸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለዚሁ ጽፈዋል።

ወቅቱን ልብ በሉ። ሕፃን ስድስት ወር ሲሆነው ከጡት ሌላ ምግብ ይጀምራል፣ ጡጦ ይይዛል፣ ይድሃል፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥርስም የሚበቅለው በዚያው ሰሞን ስለሆነ እሱ ተያዘ። የቆሸሸው ውኃና ያልታጠበው ጡጦ ሳይጠየቁ ቀሩ። ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስቀረት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1987 ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቁሞ ከግርዛትና ከጠለፋ ጋር እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ሲታገል ቆይቷል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሕፃናትን መጉዳትን ያስቀጣል። እኔ ግን ቅጣቱን ፈርታ ያቆመች እናት አላውቅም። ያቆሙት ተቅማጥ ከምን እንደሚመጣ የገባቸው ናቸው፤ ለሚያስቀምጠው ሕፃን ጡቱን ሳያቋርጡ ኦ.አር.ኤስ. በጥብጠው እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ የሮጡት።

እንግዲህ ያቺ እናት «ምን ላድርግ?» ብትለኝ ምን ልበላት? መጀመሪያ ብሩሹን ሳይሆን ውኃውን ጠየቅኋት፤ ከየት ነው የምትቀጂው? ከጥልቅ ጉድጓድ ነው አለችኝ። አፍልቼ ነው የማጠጣቸው ብላም ጨመረች። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ መጠን ያከማቸዋል። ክሎሪንም አይነካውም። በተቃጠለና በተፈጨ የከብት አጥንት ወይም በአሉሚኒየም ሰልፌት የሚያጣራ ዘዴ በስምጥ ሸለቆ ቀበሌዎች ተሞክሯል፤ የሚከታተለው ሰው ካለ ይሠራል፤ ካልተለወጠና ካልታጠበ ግን ማጣሪያው ስሙ ብቻ ይቀራል። በቤት አቅም የሚገኘው የዝናብ ውኃ ነው፤ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል። ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ ተቀብሎ፣ የመጀመሪያውን ዶፍ አፍስሶ፣ ተከድኖ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ይኸኛውን ማፍላት ይጠቅማል። ለቤተሰቡ ሁሉ ካልበቃ ለሕፃናቱ ይሁን፤ ለሚጠጡትም፣ ለገንፏቸውም። እኛ አዋቂዎቹ ጥርሳችን አልቋል። የእናት ጡት ወተት ደግሞ እናቲቱ የጉድጓድ ውኃ ብትጠጣም እንኳ ፍሎራይዱ እጅግ ጥቂት ነው፤ የዱቄት ወተት በጉድጓድ ውኃ ሲበጠበጥ ግን ሕፃኑ የሚያገኘው ሙሉውን ነው።

የጥርስ ሳሙናን አትፍሩት፤ መጠኑን ዕወቁት። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች፤ ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር የሚሞሉት ለመሸጥ ነው። ልጁ እንዲተፋ እንጂ እንዳይውጥ አጠገቡ ቁሙ። ውኃችሁ ፍሎራይድ የበዛበት ከሆነ ለትንሹ ልጅ የትኛው ሳሙና እንደሚሻል የጤና ባለሙያ ጠይቁ። ማታ ከመኝታ በፊት የሚደረገው ከሁሉ ይበልጣል፤ ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፣ ጥርሱን የሚያጥብለት የለም። ሕፃን ጡጦ በአፉ ይዞ፣ በተለይ ስኳር ያለው ሻይ ይዞ እንዳይተኛ። ብሩሽ መግዣ ባጣችሁ ቀን መፋቂያ አለ።

ልጅቷንም አነጋገርኳት። እጄን ከአፌ ላይ አንሥቼ ጥርሴን አሳየኋት። «እርስዎም አይቦርሹም?» አለችኝ። እናቷ ደንግጣ ልትቆጣት ስትል ቤቱ በሳቅ ሞላ። እቦርሻለሁ አልኳት፤ አንቺም ብትቦርሺ ባትቦርሺ ቀለሙ ያው ነበር፤ መቦረሹ ጥርስሽ እንዳይቦረቦር ነው። ሰው «ቆሻሻ» ቢልሽ ውኃው ነው በይው አልኳት። ስታድግ፣ ገንዘብም ሲገኝ፣ የጥርስ ሐኪም ሊሸፍነው እንደሚችል ለእናቷ ነገርኳት፤ ዛሬ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። ልጅቷ አንድ ዓመት ከአራት ወር የሆነው ወንድም አላት፤ የፊት ቋሚ ጥርሶቹ አሁን ድዱ ውስጥ እየተሠሩ ነው። እናቱ ለዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ የሚሆን በርሜልና አሸንዳ መግዣ ከቁጠባችን ብድር ጠይቃለች። ማመልከቻዋ በመጪው ስብሰባ ይቀርባል፤ ክረምቱ ሳይገባ እንድንወስን ከወዲሁ አስቡበት።